ስለ አንዱ አምላክና ስለ ወልድ ስግደት የተጻፈ ሐተታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አባቶቻችን መጽሐፍ ሲጽፉ፥ ጸሎት ሲጀምሩ፥ ማዕድ ሲባርኩ ይህን ቃል ያስቀድማሉ። ቃሉ አጭር ነው፤ ነገር ግን ሦስት ስም ጠርቶ በአንድ አምላክ ይፈጽማል። ከልጅነታችን ጀምሮ በአፋችን ስለ ለመደ፥ ከሦስቱ ስም ወደ አንዱ አምላክ ስንሻገር ምን ያህል ታላቅ ነገር እንደምንናገር ብዙ ጊዜ አናስተውለውም። የሚያስተውለው ከውጭ ሆኖ የሚሰማን ሰው ነው።

እኛ በምንኖርባት በደሴ ከተማ፥ በሆጤ፥ የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ አዛን በአንድ ማለዳ ይሰማል፤ ክርስቲያኑና እስላሙም በልቅሶም በሠርግም አብሮ ይቀመጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የልቅሶ ድንኳን ከአንድ ሽማግሌ ሼኽ ጋራ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለን፥ «አባ፥ ቅር አይበልዎትና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሙሴ ፈጣሪ አንድ ነው ብሎ አስተማረ፤ እርስዎም እኔም ሙሴን ነቢይ እንላለን። የመርየም ልጅ ዒሳም የተወለደው ከሙሴ ሕዝብ ነው። ታዲያ ለዒሳ መስገድ ከየት መጣ? ማን ጨመረው?» አሉኝ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «ቅድመ አያቴ በዐፄ ዮሐንስ ጊዜ ተጠምቆ ነበር። ማተቡን አሰሩለት፤ ይህን ነገር ያስረዳው ሰው ግን አልነበረም። ኋላም ወደ ቀድሞው ተመለሰ» ብለው ነገሩኝ።

እኔም በዚያን ዕለት የመለስኩላቸው መልስ የቆሎ ተማሪ መልስ ነበር፤ የፀሐይን ክበብ፥ ብርሃንና ሙቀት ምሳሌ አድርጌ ተናገርኩ። ምሳሌው መልካም ነው። ነገር ግን የእርሳቸው ጥያቄ «እንዴት ይሆናል» የሚል አልነበረም፤ «ከየት መጣ» የሚል ነበር። ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ ይህች ሐተታ ያን ዕለት ያልመለስኩትን ለመመለስ የተጻፈች ናት።

1ኛ፤ ኦሪት አንድ ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ

ሙሴ በኦሪት ዘዳግም በ6ኛው ምዕራፍ እስራኤልን እንዲሰሙ ጠርቶ፥ አምላካቸው እግዚአብሔር አንድ መሆኑን ይነግራቸዋል፤ ይህንም ነገር በቤት ሲቀመጡና በመንገድ ሲሄዱ፥ ሲተኙና ሲነሡ እንዲያስቡት፥ በመቃናቸውም ላይ እንዲጽፉት ያዝዛል። አይሁድ እስከ ዛሬ ድረስ ማለዳና ማታ ይህንኑ ቃል ይደግማሉ፤ በሞታቸውም ሰዓት የመጨረሻ ቃላቸው እንዲሆን ይመኛሉ።

አንድ ማለቱ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ቍጥር ለማስተማር አይደለም፤ ቍጥርማ ሕፃንም ያውቀዋል። ፈጣሪ እርሱ ብቻ ነው፥ ዓለምን ሲፈጥር ከፍጥረት ወገን ያማከረው የለም ሲል ነው። አንድም፥ ልብን ከፍሎ ለእርሱና ለሌላ ማካፈል አይገባም ሲል ነው፤ ስለዚህም ወዲያው አስከትሎ በፍጹም ልብና በፍጹም ነፍስ እንዲወድዱት ያዝዛል። አንድም፥ የአምልኮ ስግደት ለእርሱ ብቻ ይሁን ሲል ነው።

ስግደት ሁለት ወገን መሆኑን ሊቃውንት ያስተምራሉ፤ የአክብሮት ስግደትና የአምልኮ ስግደት። አብርሃም ለኬጢ ልጆች መስገዱ፥ ነቢዩ ናታንም ለዳዊት መስገዱ የአክብሮት ነው፤ በዚህ ኦሪት አይፈርስም። የአምልኮ ስግደት ግን ከፈጣሪ በቀር ለማንም አይሰጥም። የእስራኤልን ሃይማኖት ከአሕዛብ ሃይማኖት የሚለየው ወሰን ይህ ነው፤ ወሰኑን የሚያውቅ ሰው የቀረውን ነገር በቀላሉ ያስተውለዋል።

እስራኤል ይህን ትምህርት በአንድ ቀን አልፈጸሙትም፤ ነቢያት ከበኣል ካህናት ጋራ የተጋደሉት ስለዚህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት እንኳ፥ በግብፅ በአስዋን አጠገብ በኤለፋንቲን ደሴት ሰፍረው የነበሩ አይሁድ ወታደሮች የእግዚአብሔርን ስም ከሌሎች አማልክት ስም ጋራ አጠጋግተው የጻፉት ጽሑፍ ተገኝቷል። በጌታችን ዘመን ግን ነገሩ ፈጽሞ ጸንቶ ነበር። ለዚህ ምስክሩ የሮም ቄሣር ጋይዮስ ያደረገው ነው። ጌታችን ካረገ ከ10 ዓመት ያህል በኋላ ይህ ቄሣር የራሱ ምስል በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ እንዲቆም አዘዘ። ፊሎንና ዮሴፍ ወልደ ማትያስ፥ ሁለቱም የዚያ ዘመን አይሁዳውያን ጸሓፍት፥ እንደሚነግሩን፥ ሕዝቡ እርሻውን ትቶ ከነልጆቹና ከነሚስቱ ወጥቶ፥ ይህ ከሚሆን አንገታችን ይቈረጥ ብሎ በሮማዊው ሹም ፊት ወደቀ። በኋላም ቄሣሩ በ41 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ስለ ተገደለ ምስሉ ሳይቆም ቀረ።

እንግዲህ ሐዋርያት ከማን ወገን እንደ ነበሩ እናስተውል። ጴጥሮስና ዮሐንስ፥ የጌታም ወንድም የተባለው ያዕቆብ፥ በዚያ ዘመን በዚያችው አገር የነበሩ፥ ከዚያው ሕዝብ የተወለዱ ናቸው። ለፍጡር ከመስገድ ሞትን የሚመርጥ ሕዝብ ልጆች ለኢየሱስ ከሰገዱ፥ ምክንያቱን መመርመር ይገባል።

2ኛ፤ በእስራኤል መጻሕፍት ከዙፋኑ አጠገብ የሚታየው

እስራኤል አንዱን አምላክ ሲሰብኩ፥ ያለ ቃልና ያለ ጥበብ ብቻውን የተቀመጠ አድርገው አልሰበኩትም። ሰሎሞን በምሳሌ በ8ኛው ምዕራፍ ጥበብ ዓለም ሳይፈጠር በእግዚአብሔር ዘንድ እንደ ነበረች ይናገራል፤ ሲራክም ይህንኑ ያስፋፋል። በኦሪት ዘፀአት በ23ኛው ምዕራፍ የእግዚአብሔር ስም በእርሱ ላይ ያለ መልአክ ሕዝቡን ይመራል። በሐዋርያት ዘመን የነበረው የእስክንድርያው ፊሎን ደግሞ የእግዚአብሔርን ቃል ሁለተኛ አምላክ ብሎ እስከ መጥራት ደርሷል፤ ይህን ያለው ግን በሁለት አማልክት አምኖ አይደለም፥ ለኦሪት እጅግ የሚቀና አይሁዳዊ ነበርና።

ከሁሉም ይልቅ የዳንኤል 7ኛው ምዕራፍ ይደንቃል። ነቢዩ ብሉየ መዋዕል በዙፋን ሲቀመጥ፥ የሰው ልጅ የሚመስልም በደመና መጥቶ የማይጠፋ መንግሥት ሲቀበል አየ። ዙፋኖቹ ብዙ ሆነው ስለ ተጻፉ፥ ከአይሁድ መምህራን አንዱ ታላቁ ዐቂባ አንዱ ዙፋን ለእግዚአብሔር፥ ሁለተኛው ለዳዊት ነው ብሎ እንደ ተረጐመ፥ ባልንጀራውም እንደ ገሠጸው በታልሙድ ተጽፏል። በኋላም የአይሁድ መምህራን በሰማይ ሁለት ሥልጣናት አሉ የሚሉትን ሰዎች አወገዙ። ውግዘት ያልነበረን ነገር አያወግዝምና፥ ጥያቄው በእስራኤል ቤት ውስጥ የተነሣ እንጂ ከግሪክ አገር የመጣ አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል።

በዚህ ነገር የአገራችን ሊቃውንት ለዓለም ሁሉ ያቈዩት ምስክር አለ፤ ይኸውም መጽሐፈ ሄኖክ ነው። በሌላው አገር ሲጠፋ፥ 108ቱ ምዕራፍ ሳይጐድል የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው ቅጂዎቹን በ1773 ወደ አውሮፓ ወሰደ፤ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተተረጐመ፤ ዓመታቱ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው። ከ1947 ወዲህ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የአራማይስጥ ቍርጥራጮቹ ስለ ተገኙ፥ መጽሐፉ ከክርስትና በፊት በአይሁድ ዘንድ ይነበብ እንደ ነበረ ተረጋግጧል። ከ37ኛው እስከ 71ኛው ምዕራፍ ያለው የምሳሌዎች ክፍል ግን በቁምራን አልተገኘም፤ ዛሬም የምናገኘው በግእዝ ብቻ ነው።

በዚያ ክፍል ሄኖክ ርእሰ መዋዕልን፥ ከእርሱም ጋራ ፊቱ የሰው መልክ ያለውን ያያል። የእርሱ ስም ፀሐይና ከዋክብት ሳይፈጠሩ እንደ ተጠራ፥ በክብር ዙፋን ተቀምጦ በነገሥታት ላይ እንደሚፈርድ፥ በምድር የሚኖሩም ሁሉ በፊቱ እንደሚሰግዱ ይናገራል። ይህ ስግደት የአክብሮት ነው ወይስ የአምልኮ ቢሉ፥ በዚህ ሊቃውንት ይከራከራሉ። በ71ኛው ምዕራፍም ያ የሰው ልጅ ሄኖክ ራሱ ነው የሚያሰኝ ቃል ስላለ፥ ነገሩ በቀላሉ የሚፈታ አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ግልጥ ነው፤ አንዱን አምላክ ብቻ የሚያመልክ አይሁዳዊ፥ ከዓለም በፊት የታወቀ፥ በእግዚአብሔር ዙፋን የሚቀመጥ፥ የሰው መልክ ያለው ፈራጅ መጠበቅ ይችል ነበር። እርሻው ታርሶ ነበር፤ ሐዋርያት ዘሩን የዘሩት በዚህ እርሻ ነው።

3ኛ፤ ሐዋርያት የጨመሩት ምን እንደ ሆነ

ቅዱስ ጳውሎስ የመጀመሪያውን የቆሮንቶስ መልእክት የጻፈው ከጌታ ስቅለት በኋላ 25 ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። በ8ኛው ምዕራፍ ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ ሲናገር፥ ለአሕዛብ ብዙ አማልክትና ብዙ ጌቶች እንዳሏቸው፥ ለእኛ ግን ሁሉ ከእርሱ የሆነ አንድ አምላክ አብ፥ ሁሉም በእርሱ የሆነ አንድ ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ እንዳለ ያስረዳል። ይህን ሲናገር የሙሴን ቃል በፊቱ ዘርግቶ እንደ ነበረ ማስተዋል ያሻል። በጽርእ ኦሪት በሙሴ ቃል ውስጥ አምላክ የሚልና ኪርዮስ፥ ማለት ጌታ፥ የሚል ስም አለ። ጳውሎስ አምላክ የሚለውን ለአብ፥ ጌታ የሚለውን ለወልድ ሰጥቶ፥ አንድ የሚለውን ቃል ግን ሳይለቅቅ ያዘ። ከሙሴ ቃል ውጭ ሌላ አምላክ አልጨመረም፤ ወልድን በሙሴ ቃል ውስጥ አገኘው እንጂ። አይሁድ ለፈጣሪ ብቻ ይሰጡት የነበረውን ሁሉን የመፍጠር ሥራም ለአብና ለወልድ ተናገረ።

እኛ በግእዝ ስናነብ ይህ ምሥጢር አንዳንድ ጊዜ ይሰወርብናል፤ ለአንዱ የጽርእ ቃል እግዚአብሔርና እግዚእ የሚሉ ሁለት ቃላት አሉንና። የጽርእ አንባቢ ግን ኪርዮስ ሲባል የኦሪትን አምላክ ስም ይሰማ ነበር። በኢሳይያስ በ45ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር ከእርሱ በቀር ሌላ እንደሌለ፥ ጕልበትም ሁሉ ለእርሱ እንደሚንበረከክ በራሱ ይምላል። ጳውሎስ በፊልጵስዩስ በ2ኛው ምዕራፍ ያንኑ ስግደት ለኢየሱስ ሰጥቶ፥ ነገሩን ለእግዚአብሔር አብ ክብር በሚል ይፈጽመዋል። ስለ አምላክ አንድነት ከተነገረው ቃል ሁሉ እጅግ የጠነከረውን መርጦ ለወልድ መስጠቱ በስሕተት የሆነ አይደለም፤ ጳውሎስ ከብንያም ነገድ የተወለደ፥ በፈሪሳውያን ሥርዐት ያደገ ነበርና።

በ1913 ቡሴት የተባለ የጀርመን ሊቅ፥ ለኢየሱስ መስገድ የተጀመረው ከአይሁድ አገር ውጭ፥ ለብዙ ጌቶች መስገድ በለመዱ አሕዛብ መካከል ነው ብሎ ጻፈ። ሼኹ «ማን ጨመረው» ሲሉኝ ይህንኑ ነገር በሌላ ቃል መናገራቸው ነበር። የቡሴት ነገር ግን በአንድ ቃል ይሰናከላል፤ ይኸውም ማራናታ የሚለው ነው። ጳውሎስ ጽርእ ለሚናገሩት ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፥ ይህን የአራማይስጥ ቃል ሳይተረጕም በመልእክቱ ፍጻሜ ተወው። ጌታችን እንዲመጣ የሚለምን ጸሎት ነው። ግሪኮች ለራሳቸው በአራማይስጥ ጸሎት አይደርሱም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ወደ ኢየሱስ የጸለዩት የኢየሩሳሌምና የገሊላ አይሁድ ናቸው። በዘመናችን ላሪ ኸርታዶና ሪቻርድ ባውካም የተባሉ ሊቃውንት ይህን በብዙ ምስክር አስፋፍተው ጽፈዋል። ሞሪስ ኬሲ ግን በ1991 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ኢየሱስ ፍጹም አምላክ መባሉ በዮሐንስ ወንጌል ዘመን የመጣ ነው ብሎ ተከራክሯል፤ ክርክሩም ዛሬም አልቆመም።

ዳግመኛም በግእዝ ብቻ ሙሉ ሆኖ የተገኘ ሌላ ጥንታዊ መጽሐፍ አለ፤ ዕርገተ ኢሳይያስ ይባላል። ኢሳይያስ ሰማያትን እያለፈ ሲወጣ፥ በሁለተኛው ሰማይ በዙፋን ለተቀመጠው ሊሰግድ ይወድቃል፤ የሚመራው መልአክ ግን ይከለክለዋል። በሰባተኛው ሰማይ ደግሞ ፍቁር ለተባለው ለወልድ እንዲሰግድ፥ ለመንፈስ ቅዱስም እንዲሰግድ ይታዘዛል፤ ሁለቱም ከእርሱ ጋራ ለታላቁ ክብር ይሰግዳሉ። የኋላ አባቶች በጥንቃቄ የወሰኑትን የቃል አጠባበቅ ይህ መጽሐፍ ገና አላወቀም። ነገር ግን ያንኑ ወሰን ይጠብቃል፤ ለመልአክ መስገድ ይከለከላል፥ ለወልድ መስገድ ይታዘዛል። በዮሐንስ ራእይም እንዲሁ ነው፤ መልአኩ የዮሐንስን ስግደት እምቢ ይላል፥ በጉ ግን በዙፋን ካለው ጋራ ይሰገድለታል። ወልድን ከፍጡራን ወገን ቈጥረውት ቢሆን፥ ከመልአኩ ጋራ በከለከሉት ነበር።

4ኛ፤ ከስግደት ወደ ቃል፥ ከኒቅያ ወደ አክሱም

ሰዎች አስቀድመው ሰገዱ፤ ኋላ የሰገዱለትን በምን ቃል እንደሚናገሩት ተጨነቁ። አርዮስ የአምላክን አንድነት የጠበቀ መስሎት ወልድን ፍጡር አለው። በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች የመለሱለት መልስ ከኦሪት የተገኘ ነው፤ ፍጡር ከሆነ አይሰገድለትም፥ ከተሰገደለት ግን ከአብ ጋራ በባሕርይ አንድ ነው። አርዮስ ወልድን ፍጡር ብሎ ስግደቱን ባለመተዉ፥ ሳያውቀው ለፍጡር መስገድን ወደ ቤተ ክርስቲያን አስገባ። አንድነትን የጠበቁት የኒቅያ አባቶች ናቸው።

ይህ ክርክር ወደ አገራችንም ደርሷል። የታላቁ ቈስጠንጢኖስ ልጅ ቈንስጣንጥዮስ የአርዮስን ወገን ይረዳ ስለ ነበረ፥ በ356 ገደማ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ልኮ፥ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በእርሱ ወገን በተሾመው ጳጳስ እንዲመረመር ጠየቀ። ደብዳቤውን ቅዱስ አትናቴዎስ በመጽሐፉ አኑሮታል። ኢዛና ራሱ ያቆማቸው የድንጋይ ጽሑፎችም ይመሰክራሉ። በፊተኞቹ ንጉሡ ማሕረም የተባለው አምላክ ልጅ ነኝ ይላል፤ በኋለኛው የግእዝ ጽሑፍ እግዚአ ሰማይን ያመሰግናል፤ በአንዱ የጽርእ ጽሑፍም የአብን፥ የወልድንና የመንፈስ ቅዱስን ስም ይጠራል። የአምላክ ልጅ ነኝ ማለትን ትቶ ለወልደ እግዚአብሔር የሰገደ ንጉሥ፥ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያወቀ ነው።

5ኛ፤ ስለ ሐይቅና ስለ ቦሩ ሜዳ

ወደ አገራችን ወደ ወሎ እንመለስ። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ባጸኑት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የተማሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፥ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መጽሐፈ ምሥጢርን ጽፈው ሰባልዮስንና አርዮስን፥ ሌሎችንም መናፍቃን ተከራከሩ። ሰባልዮስ ሦስቱን አካላት አጠፋ፥ አርዮስ አንዱን ባሕርይ ከፈለ፤ አባ ጊዮርጊስም በሁለቱ መካከል ያለችውን ጠባብ መንገድ በብራና ላይ በክርክር ጠበቁ። መሣሪያቸው ብርዕ ነበር።

ከዚያ በኋላ በ1870 ዓ.ም. በግንቦት፥ ከደሴ በስተ ሰሜን ባለው በቦሩ ሜዳ፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ታላቅ ጉባኤ ተደረገ። ሁለት ልደት የሚሉት አባቶች ሥጋ በተዋሕዶ ከበረ ሲሉ፥ ሦስት ልደት የሚሉት ግን ከአብ ከተወለደውና ከድንግል ከተወለደው ልደት ሌላ፥ በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት የሆነ ልደት አለ ይሉ ነበር። ጉባኤው በሁለት ልደት ተፈጸመ። እስከዚህ ድረስ የሊቃውንት ክርክር ነው፤ ሁለቱም ወገን አንዱን አምላክ የሚያመልክ ነበርና።

ነገር ግን ከጉባኤው ጋራ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ዐዋጅ ወጣ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እርሳቸው ናቸው። ከሕዝቡ ግን ብዙው ሸፈተ፥ ብዙው ተሰደደ፤ ቀን ማተብ አስሮ ሌሊት የቀድሞ ሶላቱን የሚሰግድም ነበረ። የሼኹ ቅድመ አያት ከእነዚህ አንዱ ነበሩ።

ይህን የምጽፈው ያለፉትን ለመክሰስ አይደለም፤ ነገሥታቱ በዘመናቸው የአገር አንድነት አሳስቧቸው ነበርና። ነገር ግን ሐተታችን የደረሰበትን ነገር ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። ሃይማኖታችን የተወለደው ቄሣር በግድ ስገዱ ሲለው አንገቱን ከዘረጋ ሕዝብ ነው። ሐዋርያት ለወልድ የሰገዱት ማንም አዝዟቸው አይደለም፤ እንዳይሰግዱም ተገርፈዋል። ሙሴ አንድ አምላክ ባለበት ቃል ወዲያው በፍጹም ልብ ውደደው ብሎ አስከተለ፤ በፍጹም ልብ መውደድ ደግሞ በዐዋጅ አይሆንም። እንግዲህ የአምላክን አንድነት ለማጽናት ብሎ ሰውን በግድ የሚያሰግድ ሰው፥ ጋይዮስን እንጂ ጴጥሮስን አልመሰለም።

ስለዚህ ለካህናት የቀረልን ሥራ ማስረዳት ነው። ጎረቤታችን ከየት አመጣችሁት ብሎ ሲጠይቀን፥ ከኦሪት አመጣነው፥ ከዳንኤልና ከሄኖክ አመጣነው፥ አንድን አምላክ ብቻ ከሚያመልኩ አይሁድ አፍ ተቀበልነው ብለን በምስክር መናገር ይገባናል። ባይቀበለን እንኳ ምን እንዳልተቀበለ ያውቃል፤ እኛም ምን እንደምንናገር እናውቃለን።

በሌላ ቀን ሼኹን አግኝቼ ከዚህ የተጻፈውን በአጭሩ ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰምተው፥ «በዚህ ነገር እኛና እናንተ እንለያያለን፤ መለያየታችንም ይኖራል። ነገር ግን ለቅድመ አያቴ እንዲህ ተቀምጦ የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ኖሮ…» አሉና፥ ነገሩን ሳይፈጽሙት ዝም አሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።